«ሄደች» እና «ሄደችብኝ»፦ ስለ ትዝታ ዘፈን አንድ አስተያየት

ባለፈው የትምህርት ዘመን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለ፥ ከአጥሩ ባሻገር ካለው ሻይ ቤት የትዝታ ዘፈን ይሰማ ነበር። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡን አንድ የሒሳብ መምህር ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፥ «ልጆቻችንን ያሰነፈው ይህ ነው። አንዱ ‹ሄደች› ብሎ ያለቅሳል፤ አንዷ ‹ሄደ› ብላ ታለቅሳለች። ታዲያ ማን ይሥራ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ደወል ተደውሎ ወደ ክፍሌ ስሄድ ግን፥ የአማርኛ መምህር ሆኜ እንዲያ መሳቄ አሳፈረኝ። ያን ዕለት «የለም፥ ጋሼ» ማለት ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። ይህ ጽሑፍ ሳልሰጥ የቀረሁት መልስ ነው። ረዘም ቢል አንባቢ ይታገሠኝ።

የሒሳብ መምህራችን የተሳሳቱት በአንዲት ቅጥያ ነው። የትዝታ ዘፋኝ «ሄደች» ብሎ አያቆምም። «ሄደች» ወሬ ነው። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭም፥ የግቢው ዘበኛም ሊለው ይችላል። ዘፋኙ የሚለው «ሄደችብኝ» ነው። የመጀመሪያው ስለ ሄደችው ሰው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ቀረው ይናገራል። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ሆኖም ዘፈኑ በሙሉ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ውስጥ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ይህን የምለው በቋንቋ አስተማሪነቴ እንጂ በሙዚቃ ባለሙያነት እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ትዝታ የሚለው ቃል በሙዚቃችን ውስጥ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች አንዱ ነው። ሁለተኛ፥ በዚሁ ቅኝት የሚዘፈነው የናፍቆት ዘፈን ራሱ ትዝታ ይባላል። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው፤ አንቺ ሆዬ ጥሪ ነው፤ ትዝታ ግን የአንድ የልብ ሁኔታ ስም ነው። ቅኝቱ ባለ አምስት ድምፅ ሲሆን፥ በሙሉው ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ይሰማሉ። ፋ እና ሲ የሉበትም። በአውሮፓውያን ሚዛን ውስጥ ሲ ወደ ዶ፥ ፋም ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ የሚሳቡ ናቸው፤ ጆሮን «አሁን ሊያልቅ ነው» የሚያሰኙትም በአመዛኙ እነርሱ ናቸው። እነርሱ ስለሌሉ የትዝታ ዜማ ወደ ማለቂያው የሚጎትተው ነገር የለም። አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወተው ዜማው «በቃህ» አይለውም። በሌላው የትዝታ ዐይነት ደግሞ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሬ ከጎረቤቱ፥ ሶልም ከጎረቤቱ ጋር ይጠባበቃሉ። የዜማው ሕመም የሚብሰው እዚያ ላይ ነው። ክራር ያለው የሥራ ባልደረባ ያላችሁ መምህራን፥ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አከታትሎ እንዲመታ ለምኑት። ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ ሰዋስው ልመለስ።

«አስታወስሁ» ባልሁ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኔ ነኝ። ተማሪ ለፈተና ቀመር ያስታውሳል፤ ካላስታወሰ ጥፋቱ የራሱ ነው። «ትዝ አለኝ» ስል ግን ባለቤቱ ትዝ ያለኝ ነገር ነው፤ እኔ ተሳቢ ሆኛለሁ። ራበኝ፥ ጠማኝ፥ በረደኝ፥ ናፈቀኝ የሚሉት ሁሉ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሰው የሚደረግበት እንጂ የሚያደርግ አይደለም። «ናፈቀችኝ» ባልሁ ጊዜ ባለቤቷ የሄደችው ናት። እዚህ የሌለችው ትሠራለች፤ እዚህ ያለሁት እኔ ተሳቢ ሆኜ እቀመጣለሁ። (ባለቤት የሚለው ቃል በየቤታችን ሌላ ትርጉም ስላለው፥ ይህን ባስተማርሁ ቁጥር ክፍሉ ይስቃል። ይሳቁ፤ ስቀው ያዙት ማለት ነው።) ሰውን «አስታውስ!» ብለን እናዘዋለን፤ በትዝታ ግን «ትዝ ይበልህ» ከማለት በቀር መንገድ የለም፤ እርሱም ቢሆን ለሰውየው የተሰጠ ትእዛዝ ሳይሆን የምኞት ዐይነት ነው። እንግዲህ ትዝታ ዘፋኙ ፈልጎ ያመጣው ነገር አይደለም። በሩን ከፍቶ የገባበት እንግዳ ነው። ከዚህም የተነሣ በትዝታ ዘፈን ውስጥ ትዝታ ራሱ እንደ ሰው ይጠራል፥ ይለመናል፥ ይወቀሳል።

ብዙ ዘፋኞች ትዝታን የሚከፍቱባት አንዲት የታወቀች ጥንድ ስንኝ አለች። አንባቢ ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቃት እዚህ አልገለብጣትም፤ ሐሳቧን ብቻ ላውጣው። ተናጋሪዋ ሴት ናት እንበል። በመጀመሪያው ስንኝ፥ ትዝታዬ የምለው አንተኑ ነው ትለዋለች፤ ትንፋሽ ሳትወስድም ትዝታ የሚባል ነገር እንደማያውቃት ትናገራለች። ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ንግግር ይመስላል። ሁለተኛው ስንኝ ምክንያቱን ይሰጠናል፤ ሰውየው ቀጠሮ ይሰጣል፥ አይመጣም፤ እንደ ገና ቀጠሮ ይሰጣል፥ አይመጣም። አሁን ነገሩን በጥሞና እንመልከተው። ትዝታ የሚኖረን ላለፈ ነገር ነው። ያልተሰረዘ ቀጠሮ ደግሞ አላለፈም። ሞተ ቢሏት አልቅሳ ታስታውሰው ነበር፤ ሌላ አገባ ቢሏት ረግማ ታስታውሰው ነበር። እርሱ ግን ሁልጊዜ ሊመጣ ነው። ስለዚህ የተነፈገችው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ትዝታውንም ጭምር ነው። በሁለት ስንኝ ይህን ያህል ማሰብ የቻለ ሕዝብ «ሄደች ብሎ ያለቅሳል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ቅርጿንም ማየት ይገባል። ስንኞቹ በወል ቤት፥ ማለት ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጋት የተሠሩ ናቸው። በተለመደው አባባል ሁለቱም የሚያርፉት «ብኝ» ላይ ነው። ለተማሪ «በአንድ ቅጥያ ብቻ ቤት መምታት ድክመት ነው» ብለን እናስተምራለን፤ በዘመናችን ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ድክመት መሆኑንም በኋላ አነሣዋለሁ። እዚህ ግን ሁለቱ «ብኝ»ዎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ዕዳ አለብኝ»፥ «በሽታ የለብኝም» በምንልበት አኳኋን የሸክም «ብኝ» ነው። ሁለተኛው «ቀረብኝ»፥ «ጠፋብኝ» በምንልበት አኳኋን የጉዳት «ብኝ» ነው። ጆሮ አንድ ነው ይላል፤ ልብ ሁለት ነው ይላል። የቤቷም ውበት ከዚሁ የመጣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው በትዝታ ውስጥ የሌለውን ነገር ነው። የሄደው ሰው ስም የለም። የሄደበት ቀን የለም። ያጣላቸው ነገር አይነገርም። ማን እንደ በደለ አይታወቅም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ማን እንደ ለያያቸው እናውቃለን፤ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፥ የዘመኑን የዘር ቆጠራ፥ ሁሉንም በስሙ መጥራት እንችላለን። ልብ ወለድ ምክንያት ይጠየቃልና ትክክል ነው። ትዝታ ግን ምክንያትን ከደጅ ትቶ ይገባል። እኛ መምህራን የሰብለ ወንጌልን ኀዘን በፈተና እየጠየቅን፥ ትዝታን ከሻይ ቤት በላይ እንዳያልፍ ማገዳችን ያስገርመኛል። ምናልባት ምክንያት የሌለው ኀዘን ለፈተና ጥያቄ ስለማይመች ይሆናል።

የውጭ አገር ሰዎች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ይሉታል። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የሚወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሸክላ ስብስብ 10ኛ ቅጹን ለትዝታ ሲሰጥ ይህንኑ ስያሜ ተጠቅሞበታል። ስያሜው ለገበያ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለማስተዋል አይጠቅምም። የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ብዙውን ጊዜ በ12 ሚዛን የተሠራ ሆኖ፥ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ብሎ በሦስተኛው ይመልስለታል። በውስጡም ባቡር አለ፥ ጎሕ ሲቀድ ባዶ ሆኖ የተገኘ አልጋ አለ፥ የሆነ ነገር አለ። ብሉዝ ይተርካል። ትዝታ አይተርክም፤ ጥንድ ስንኝ ከጥንድ ስንኝ ጋር ያለ ታሪክ ይከተላል፤ የሚያያይዛቸው ዜማውና የዘፋኙ ምርጫ ነው። እርግጥ ከአሜሪካ የመጣ ነገር የለም አልልም። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፥ ቃኘው፥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሶል ሙዚቃን በሬዲዮ ይረጭ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴም በወጣትነቱ የኤልቪስን የጄምስ ብራውንን አዘፋፈን ይወድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን የመጣው ልብስ ነው፤ የለበሰው ሰው እዚሁ ነበር። ይልቅስ ለትዝታ የቀረበ ዘመድ ብንፈልግ የሱዳን ዘፈን ይሻላል። እርሱም ባለ አምስት ድምፅ ስለ ሆነ፥ የካርቱም ሰው የጥላሁን ገሠሠን፥ የአዲስ አበባ ሰውም የሰይድ ኸሊፋን ድምፅ ቋንቋው ሳይገባው ወዶ ኖሯል።

አሁን ወደ ዘፋኞቹ። ስንኞቹ የማንም ስላልሆኑና ከአፍ ወደ አፍ ስለሚዘዋወሩ፥ ለትዝታ «ደራሲው ማን ነው?» ማለት ብዙ አያስኬድም። ዘፋኙ የሚደርሰው ቅደም ተከተሉንና ዝምታውን ነው። ስለዚህም ዘፋኝን ከዘፋኝ ማወዳደር ይቻላል፤ ይገባልም።

በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ተዋናይ ነበረች፤ ክራሯንም ራሷ ትመታ ነበር። በእርሷ አዘፋፈን ድምፅና ንግግር ተራርቀው አይርቁም። ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሰማት ይመስል፥ ስንኙን ጣል ታደርግና መልሱን ለክራሯ ትተዋለች። ለቅሶ የለም። አንዳንዴም ፌዝ አለ። በእኔ ግምት የትዝታን ባሕርይ ከሁሉ አብልጣ የያዘችው እርሷ ናት፤ ምክንያቱም ከእርሷ ጋር ስንቀመጥ የቆሰለ ሰው ሳይሆን ቁስሉን ለረጅም ጊዜ ያወቀ ሰው እንሰማለን።

ማሕሙድ አሕመድ ሌላ ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረ፥ ኋላም በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያደገ ሰው ነው። እርሱ አንዲቱን ቀለም ይዞ እያንቀጠቀጠ ሲያስረዝማት ቃሉ ይጠፋና ድምፁ ብቻ ይቀራል። ይህ ጉድለት መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ተማሪዎቼን «ስንኙን ስሙ» እያልሁ ስለማስተምር፥ ስንኝ የሚሸፍን ዘፋኝ ሥራዬን ያበላሽብኝ ነበር። አሁን አልፈርድበትም። ትዝታ እኔን ተሳቢ የሚያደርገኝ ከሆነ፥ ቃሉ ከአፌ ማምለጡ ተገቢ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ትዝታን ያለ አንዲት ቃል በመሣሪያ ብቻ ሲጫወተውም ሰው ሁሉ «ትዝታ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ጌታቸው ካሣ ደግሞ ያው ዘፈን በዝግታም በፍጥነትም እንዲሰማ አድርጎታል። ፈጣኑን ስንሰማ እግር ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ክህደት ይቆጥሩታል፤ ኀዘን መንቀርፈፍ አለበት ብለው ስለሚያምኑ ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን ተምሬበታለሁ። ሠርግ ላይ እየጨፈረ ድንገት ትዝ ያለው ሰው አላየንምን? ትዝታ ቀጠሮ አይዝም ብለናል፤ እንግዲያው በጭፈራ መካከል መምጣቱ የባሕርዩ ነው።

በዛወርቅ አስፋውን በአንድ አንቀጽ መጨረስ ድፍረት ነው፤ ግን ልሞክር። የእርሷ ትዝታ ትንፋሽ ነው። ከስንኝ በፊት ያለውን ባዶ ቦታ የእርሷን ያህል የምትጠብቅ አላጋጠመችኝም። አድማጭ የሚቀጥለውን ስንኝ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እርሷም ማወቁን ታውቃለች፤ ታስጠብቀዋለች። ቀጠሮ ሰጥቶ ስለማይመጣ ሰው የሚናገር ዘፈን፥ አድማጩን ራሱን ቀጠሮ ላይ ያስቀምጠዋል።

ስለ ሸክላ ዘመን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከጀመረ ወዲህ ዘፈኖቻችን በትንሹ ሸክላ ላይ ይወጡ ነበር። የአንዱ ገጽ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን የሚፈጀው ትዝታ በዚያ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ስንኝ ከተመረጠለት ብቻ ነው። ካሴት መጥቶ ቦታው ሲሰፋ ምርጫው ላላ። ይህን የምለው የድሮ ናፋቂ ሆኜ አይደለም፤ ተማሪዬን «ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ» የምለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዛሬዎቹን የፍቅር እጦት ዘፈኖች በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ታክሲ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃቸዋል። አብዛኞቹ ችሎት ሆነዋል። ዘፋኙ ከሳሽ ነው፤ የሄደችው ተከሳሽ ናት፤ እኛ አድማጮች ዳኞች ነን፤ ማስረጃውም «ይህን ያህል ወድጄሽ ነበር» የሚል ነው። ፍርዱ ደግሞ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚህ ዐይነት ዘፈን ውስጥ የጉዳቱ «ብኝ» ከዳር እስከ ዳር ይደረደራል፤ ሄድሽብኝ፥ ከዳሽብኝ፥ ጨከንሽብኝ። አሥሩም አንድ ናቸው። ቀደም ሲል ያየናት ጥንድ ስንኝ ሁለት የተለያዩ «ብኝ»ዎችን አገናኝታ ያገኘችውን፥ እነዚህ አንዱን አሥር ጊዜ ደጋግመው ያጡታል። ሰው ሲበደል መክሰሱ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ከሳሽ ባለቤት ሆኗል፤ ተሳቢነቱ ቀርቷል፤ ስለዚህ ክሱ ካበቃ በኋላ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሆን ዘፈኑ አይነግረንም።

ይህን ሁሉ በ10ኛ ክፍል ስናገር፥ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፥ የበደለ ሰው ካለ ለምን አይነገርም? ዝም ማለት ጥሩ ነው እያሉን ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስጠየቅ ብዙ ዘመኔ ነው። በጊዜው የሰጠኋት መልስ፥ ቋንቋችን ለበደል ሌላ ቤት አለው፤ እንጉርጉሮ አለ፥ ለሞተ ሙሾ አለ፥ ለቂም ቀረርቶና ፉከራ አለ፤ ትዝታ ደግሞ ዳኛ ሊመልሰው ለማይችለው ነገር የተተወ ቦታ ነው የሚል ነበር። መልሱ ስህተት ነው አልልም። ግን ልጅቷ እንዳልረካች ከፊቷ አይቻለሁ። ሴት ልጅ ስትበደል «ቻይው» ማለት በለመደበት አገር፥ የማይከስስ ዘፈንን ማመስገን ሌላ ትርጉም ሊሰጠው እንደሚችል እርሷ ቀድማኝ አይታዋለች። የአስናቀችን ፌዝ ባስታውሳት ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አልመጣልኝም።

በዚያው ሳምንት ለሁሉም የቤት ሥራ ሰጠሁ። ስለ መለየት ሁለት ስንኝ ብቻ ጽፋችሁ አምጡ፤ በወል ቤት ይሁን፤ ስም አይጠራ፤ ምክንያት አይነገር፤ ክስ አይኑርበት አልኋቸው። ከዚያ በፊት በሰሌዳው ላይ «ሄደች»፥ «ሄደችብኝ»፥ «ሄደችልኝ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ጽፌ ልዩነታቸውን አስረድቼ ነበር። የመጀመሪያው ወሬ፥ ሁለተኛው ኀዘን፥ ሦስተኛው «እፎይ፥ ተገላገልሁ» ማለት ነው ብዬ አስተማርሁ። ተማሪዎቹም በሦስተኛው ሳቁ።

ወረቀቶቹን ስሰበስብ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ። ፍቅረኛ የተነሣባቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። በ10ኛ ክፍል ዕድሜ ከፍቅር በቀር ሌላ መለየት አይታሰብም ብዬ መገመቴ ስህተት ነበር። አንዷ የተሸጠ በሬያቸውን ጽፋለች፤ ጥሩ ጽፋለች። ሌሎቹ አባት፥ እኅት፥ ከቀበሌው የተሰደደ ጓደኛ አንሥተዋል። ስም አይጠራ ስላልሁ ማን እንደ ሆነ በግልጽ የጻፈ የለም፤ ግን ስንኙ ራሱ ይናገር ነበር።

ከእነርሱ መካከል አንድ ዝምተኛ ልጅ፥ ሁለተኛውን ስንኝ «ሄደችልኝ» ብሎ ጨርሶታል። በክፍል ውስጥ ሲነበብ እንደ ተለመደው ሳቅ ተነሣ። እኔም ቅጥያውን ያምታታ መስሎኝ፥ «‹ሄደችብኝ› ለማለት ፈልገህ ነው?» አልሁት። ልጁ ተነሥቶ ቆመ። «አይደለም፥ ቲቸር። እናቴ ናት። ዐረብ አገር የሄደችው ለእኔ ብላ ነው» አለ። ሳቁ ቆመ። ሦስት ቃል ጽፌ ሦስተኛውን ግማሹን ብቻ ማስተማሬን ያን ጊዜ ተረዳሁ። «ልኝ» መገላገል ብቻ አይደለም፤ የተደረገልኝ ውለታም ነው። ሰዋስዉን ከእኔ ይልቅ ልጁ አውቆታል።

ወደ ሰሌዳው ሄጄ የጻፍሁትን ትርጉም አረምሁ። ልጁ ግን ገና አልተቀመጠም ነበር። «ቲቸር፥ ሁለቱንም ብጽፍ ስህተት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንዱ ስንኝ «ሄደችብኝ»፥ በሌላው «ሄደችልኝ»። ቤቱ በደንብ እንደማይመታ ነገርሁት። «እሺ» አለና ተቀመጠ። ደብተሩን በማግሥቱ ሳርመው ሁለቱንም ጽፎ አገኘሁት።